የአንድ ሌሊት ወረቀት
የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ በግድግዳ ሥዕል ስላደረገው ትግል
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ስለ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ በሚጻፈው ታሪክ ውስጥ የጦር መሣሪያ፣ የገንዘብና የንግግር ድርሻ በሰፊው ይወሳል። የወረቀት ድርሻ ቢነሣ እንኳ የሚነሣው የመጽሐፍ፣ የጋዜጣና የውል ወረቀት ነው። እኔ ዛሬ የማወሳው ግን ከነዚህ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚታየውን፣ ማታ በሙጫ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጧት በፖሊስ እጅ የሚቀደደውን ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ሥዕልና ጥቂት ቃላት ያሉበት የግድግዳ ማስታወቂያ ሲሆን፣ በተለመደው አጠራር ፖስተር ይባላል። ነጋዴ ዕቃውን፣ ሲኒማ ቤትም ፊልሙን ያስታውቅበታል። በደቡብ አፍሪካ ግን ከ1970ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ እስከ 1994 ድረስ አፉ የተዘጋ ሕዝብ ይህንኑ ወረቀት አንደበቱ አደረገው።

የዚህ ንግግር ጥያቄ አንድ ነው። ብርቱ ጦር፣ ሰፊ የጸጥታ ድርጅትና ብዙ ሀብት የነበረው መንግሥት፣ ዕድሜው አንድ ሌሊት የሆነውን ወረቀት ስለምን ፈራው? መልሱን ለማግኘት ወረቀቱን ማን እንደ ሠራው፣ እንዴት እንደ ሠራውና ምን ዋጋ እንደ ከፈለበት በቅደም ተከተል መመልከት ይገባል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮች እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው በ1948 ብሔራዊ ፓርቲ የሚባለው የነጮች ፓርቲ በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ አፓርታይድ የተባለው የዘር መለያየት የአገሪቱ ሕግ ሆኖ ቆመ። የሰው መኖሪያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሥራውና ጋብቻው ሳይቀር በቆዳው ቀለም ተወሰነ። ይህ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ አልደግመውም። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገው መንግሥቱ በቃልና በመልክ ላይ ያወጣው ሕግ ነው። አንድ ሰው በመንግሥት የታገደ እንደ ሆነ፣ የተናገረውን ቃል ጠቅሶ ማተም ወንጀል ነበረ። የእስረኛን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ ማተምም እንዲሁ ክልክል ነበረ። በ1974 የወጣው የኅትመት ሕግ ደግሞ መጽሐፉንም ሥዕሉንም ፊልሙንም መርምሮ የሚያግድበትን ሥርዐት አጠነከረው።

በዚህ ምክንያት የኔልሰን ማንዴላ ፊት ከገዛ አገራቸው ሰው ዐይን ተሰወረ። ማንዴላ በ1962 ወደ አገራችን መጥተው በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ላይ ንግግር ማድረጋቸው፣ ኋላም ተመልሰው በኮልፌ የወታደር ትምህርት መቀበላቸው የሚታወስ ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በአገራቸው ከተያዙ በኋላ ግን እስከ ፌብሩዋሪ 1990 ድረስ ከእስር አልወጡም። ስለዚህ በአዲስ አበባ የነበረ ሰው ያየውን ፊት፣ በሶዌቶ የተወለደ ልጅ ሃያ ዓመት ሞልቶት እንኳ በጋዜጣ ሊያየው አይችልም ነበር። ፖስተር ሠሪዎቹ ያን ፊት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ፎቶግራፎች እየቀዱ ሣሉት። እርጅና በወህኒ ቤት ውስጥ ፊታቸውን እየለወጠው ሳለ፣ በግድግዳው ላይ ያሉት ማንዴላ ግን ጐልማሳ እንደ ሆኑ ቀሩ።

ፎቶግራፍ ወደ ፖስተር የተለወጠበት ሌላው ታላቅ ምሳሌ የሶዌቶው ነው። ጁን 16 ቀን 1976 በሶዌቶ የሚገኙ ጥቁር ተማሪዎች፣ አፍሪካንስ በተባለው ቋንቋ እንዲማሩ የወጣውን ትእዛዝ በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስም ተኰሰባቸው። በዚያ ቀን ሳም ንዚማ የተባሉት የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ገና ልጅ የነበረው ሄክተር ፒተርሰን በጥይት ተመትቶ፣ ምቡዪሳ ማኩቦ የተባለ ወጣት በክንዱ ታቅፎት ሲሄድ፣ የልጁም እኅት እያለቀሰች በጐኑ ስትሮጥ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አነሡ። ፎቶግራፉ «ዘ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ወጥቶ ብዙም ሳይቈይ በዓለም ሁሉ ታየ። ጋዜጣው በኦክቶበር 1977 ታገደ፤ ሥዕሉን ግን ማገድ አልተቻለም። ሠዓሊዎቹ ግራጫውን ጥላ አስወግደው ጥቁሩንና ነጩን ብቻ በማስቀረት የሦስቱን ልጆች ቅርጽ በፖስተር ላይ ደጋግመው አተሙት። ጽሑፍ ባይኖርበትም ያየው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ሆነ።

ከሶዌቶው ግድያ በኋላ ብዙ ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ተሰደዱ። ከነዚህም አንዳንዶቹ ከደቡብ አፍሪካ ድንበር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ በምትገኘው በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ ተሰበሰቡ። እዚያም በ1978 ገደማ ሜዱ የሚባል የሥነ ጥበብ ማኅበር ቆመ። ሜዱ በሰሜን ሶቶ ቋንቋ ሥር ማለት ነው፤ ይኸውም ከምድር በታች ተሰውሮ ግንዱን የሚመግበው የዛፍ ሥር ነው። ባለቅኔው ሞንጋኔ ዋሊ ሴሮቴ፣ ሙዚቀኞቹ ሂዩ ማሴኬላና ጆናስ ጓንጓ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ማኅበሩ ለቴአትር፣ ለሙዚቃ፣ ለፎቶግራፍና ለጽሑፍ የተለያዩ ክፍሎች ነበሩት፤ ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግን የሥዕልና የፖስተር ክፍሉ ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሰዎች የሠዓሊው የታሚ ምንዬሌ ሕይወት የፖስተሩን ታሪክ በሙሉ ያሳያል። ምንዬሌ በዲሴምበር 1948፣ ማለት የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን በያዘበት ዓመት፣ በጆሃንስበርግ በምትገኘው በአሌክሳንድራ ተወለዱ። በ1973 በናታል ውስጥ ሮርክስ ድሪፍት በሚባለው ስፍራ የሉተራን ሚስዮናውያን ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ተማሩ። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎቻቸው ጭንቀት የሞላባቸው፣ ትርጕማቸውም ለተመልካች ቶሎ የማይገለጥ ነበሩ። እየዋሉ እያደሩ ግን የተሣለለት ሰው ሊረዳው የማይችል ሥዕል ምን ይጠቅመዋል ብለው ራሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ። በ1979 ወደ ቦትስዋና ተሰደው ሜዱን በተቀላቀሉ ጊዜ፣ ከትርኢት አዳራሽ ይልቅ ግድግዳን የመረጡ ሰው ሆነው ነበር።

እዚህ ላይ ፖስተሩ እንዴት እንደሚሠራ መግለጽ ያስፈልጋል፤ የፖስተሩ ኀይል ከአሠራሩ ተለይቶ አይታወቅምና። ሜዱ ትልቅ ማተሚያ ቤት አልነበረውም። የተጠቀመው ሲልክ ስክሪን በሚባለው የእጅ ኅትመት ነው። በመጀመሪያ በአራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ ላይ ቀጭን ጨርቅ ተወጥሮ ይቸነከራል። በጨርቁ ላይ ቀለም እንዲያልፍ የማይፈለግበት ቦታ ሁሉ ይደፈናል፤ የሥዕሉ ቅርጽ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ክፈፉ በወረቀት ላይ ተጋድሞ ቀለም ይፈስበትና ጠርዙ ጐማ በሆነ መጥረጊያ ይሳባል። ቀለሙም በክፍቱ ቦታ አልፎ በወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ክፈፉ ይነሣል፤ ሌላ ወረቀት ይገባል፤ ሥራው ይደገማል።

ይህ አሠራር ሦስት ነገሮችን አስከተለ። አንደኛ፣ ርካሽ ስለ ሆነ ድሀ ሁሉ ሊሠራበት ቻለ፤ መብራት ኀይልና ሞተር አላስፈለገውም። ሁለተኛ፣ ለያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው መዘጋጀት ስለሚያስፈልግ ሠሪዎቹ በሁለትና በሦስት ቀለም ብቻ መወሰን ግድ ሆነባቸው። በእነዚህ ፖስተሮች ላይ የሚታየው ድፍን ጥቁር፣ ድፍን ቀይ፣ ወፍራም መስመርና ትልልቅ ፊደል ከሩቅ የሚነበበውና በአላፊ አግዳሚው ልብ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፣ ዕቃው ትንሽ ስለ ሆነ ሊሸሸግ ቻለ። ሜዱ የኅትመቱን ዕቃ በአንድ ሻንጣ መሰል ሣጥን ውስጥ የሚያስገባ ዝግጅት አውጥቶ ነበር። ፖሊስ አንድን ማተሚያ ቤት ሊዘጋ ይችላል፤ በየሰው ቤት አልጋ ሥር የገባውን ማተሚያ ቤት ግን ፈልጎ አይጨርሰውም።

ከሜዱ ሥራዎች አንዱን ለምሳሌ እንመልከት። ኦገስት 9 ቀን 1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች፣ ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ሲንቀሳቀስ ይዞት እንዲዞር የተገደደበትን የይለፍ ወረቀት በመቃወም፣ ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት ሕንጻ ሰልፍ አድርገው ነበር። የዚህ ሰልፍ 25ኛ ዓመት በ1981 በደረሰ ጊዜ፣ ትውልዳቸው አሜሪካዊ የሆኑት የሜዱ ሠዓሊ ጁዲ ሳይድማን ሰንሰለቷን የበጠሰች ሴት የሚታይበትን ፖስተር ሣሉ፤ ቃሉም ሴቶችን የነካ ሰው ዐለት እንደ ነካ መቈጠሩን የሚገልጽ ነው። ፖስተሩ ድንበሩን በምሥጢር ተሻግሮ ገባ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያልተጻፈውን የ1956 ታሪክ፣ በዚያ ዘመን ገና ያልተወለዱ ልጃገረዶች ከዚህ ወረቀት ተማሩት። በ1955 በክሊፕታውን የጸደቀው የነፃነት ቻርተር ዐንቀጾችም እንዲሁ አንድ በአንድ ሥዕል እየተሠራላቸው ወጡ። እንግዲህ ፖስተሩ ስለ ዛሬ ብቻ የሚጮህ ሳይሆን የተከለከለ ታሪክ መምህር ጭምር ነበረ ማለት ነው።

በጁላይ 1982 ሜዱ «ባህልና ተቃውሞ» የተባለ ታላቅ ጉባኤና በዓል በጋቦሮኔ አደረገ። ከደቡብ አፍሪካ ውስጥ የመጡ ጥቁሮችና ነጮች፣ በስደት ካሉት ወገኖቻቸው ጋራ በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። በዚያ የተነገረው ዋና አሳብ፣ የሥነ ጥበብ ሰው ከሕዝቡ ተነጥሎ በላይ የሚቀመጥ ልዩ ፍጡር ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ «የባህል ሠራተኛ» ነው የሚል ነበር። ከጉባኤው የተመለሱት ሰዎች አሳቡን ይዘው አልተቀመጡም። በ1983 በጆሃንስበርግ የኅትመት ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ በኬፕ ታውንም ከ1977 ጀምሮ በነበረው የማኅበረሰብ ሥነ ጥበብ ድርጅት ውስጥ የፖስተር ክፍል ሥራውን አስፋፋ።

በእነዚህ ቦታዎች የነበረው ልማድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። አንድ የሠፈር ማኅበር፣ የሠራተኞች ማኅበር ወይም የተማሪዎች ኮሚቴ ፖስተር ሲፈልግ፣ ገንዘብ ከፍሎ የተዘጋጀ ሥዕል ተቀብሎ እንዲሄድ አልነበረም የሚፈለገው። የራሱን ሰዎች ይልካል፤ ሰዎቹም ጨርቅ መወጠር፣ ቅርጽ መቍረጥና ቀለም መሳብ ተምረው ፖስተራቸውን በገዛ እጃቸው ያትማሉ። ምን ይጻፍ፣ ምን ይሣል በሚለው ላይ ይከራከራሉ። የቤት ኪራይ ጭማሪ፣ የአውቶቡስ ዋጋ፣ የደመወዝ ጥያቄ፣ የታሰሩ ሰዎች ስም፣ የተገደሉ ወጣቶች የቀብር ቀን፣ ይህ ሁሉ በየወረቀቱ ወጣ። ፊደሉ የተንጋደደ፣ የሰው እጅ ከልኩ በላይ የረዘመበት ፖስተር ብዙ ነበረ። ነገር ግን አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ማታ ያተመችውን ወረቀት ጧት ወደ ሥራ ስትሄድ በግድግዳ ላይ ባየችው ጊዜ፣ የራሷን ቃል በአደባባይ ማየቷ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ያባቶች ቃል በዚያ በተወጠረ ጨርቅ ላይ በእውነት ተፈጸመ።

ኦገስት 20 ቀን 1983 በኬፕ ታውን አጠገብ በሚቸልስ ፕሌን የተባበረው ዴሞክራሲያዊ ግንባር ተመሠረተ። መንግሥቱ ለነጮች፣ ለክልሶችና ለሕንዶች ሦስት ምክር ቤት አቁሞ ብዙውን ጥቁር ሕዝብ ከምክር ቤቱ ውጭ የሚያስቀረውን አዲስ ሕገ መንግሥት ሊያጸድቅ ተነሥቶ ነበርና፣ ግንባሩ ይህን ለመቃወም በመቶ የሚቈጠሩ ማኅበራትን በአንድነት አሰለፈ። ምልክቱም ሰንደቅ ይዞ አብሮ የሚጓዝ ሕዝብ ነበር፤ ከፖስተር ላይ ወደ ሸሚዝ፣ ከሸሚዝም ወደ ሰንደቅ ተላለፈ። ግድግዳ በተከለከለበት ቦታ ሰው በደረቱ ላይ ለብሶት ሄደ። በቀብር ላይ የሟቹ ፊት በለቀስተኞች ሁሉ ደረት ላይ ታትሞ ይታይ ነበር።

መንግሥቱ የሰጠው መልስ ብርቱ ነበረ። ጁን 14 ቀን 1985 ሌሊት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድንበር ጥሰው ጋቦሮኔ ገቡና በተኙ ሰዎች ቤት ላይ አደጋ ጣሉ። 12 ሰዎች ተገደሉ፤ ከነርሱም መካከል ሕፃን ነበረ። የ36 ዓመቱ ታሚ ምንዬሌ በዚያ ሌሊት በቤታቸው ተተኰሶባቸው ሞቱ። ወታደሮቹም በቤቱ ውስጥ የተሰበሰቡትን ሥዕሎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ሥዕሎቹ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ቴሌቪዥን ቀርበው የሽብር ማስረጃ ተብለው ለሕዝብ ታዩ። አድማጮች ይህን ነገር ልብ ይበሉ። ከአገራቸው ተሰደው የኖሩት ሠዓሊ፣ በተገደሉ ማግስት ሥራቸውን ገዳዮቻቸው ራሳቸው ለአገሩ ሁሉ አሳዩላቸው። የሜዱ ማኅበርም ከዚህ አደጋ በኋላ ተበተነ።

በጁላይ 1985 በብዙ አውራጃዎች፣ በጁን 12 ቀን 1986 ደግሞ በአገሩ ሁሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ፖስተር ሲለጥፍ የተገኘ ሰው ይታሰር ጀመር። በሜይ 1987 የሠራተኞች ማኅበራት ኮንግረስ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በኦገስት 1988 ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የነበረበት ኮትሶ ሀውስ በቦምብ ፈረሱ። ሁለቱንም ያፈረሱት የመንግሥቱ የጸጥታ ሰዎች መሆናቸው ከነፃነት በኋላ በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ፊት ተረጋገጠ። ይሁን እንጂ ኅትመቱ አልቆመም።

እዚህ ላይ ነገሩን አስውቦ ብቻ ማለፍ ለታሪክ ታማኝነት አይሆንም። ፖስተር ብቻውን አፓርታይድን አልጣለም። የሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ፣ የወጣቶች ትግል፣ የገንዘብና የንግድ ማዕቀብ፣ የጐረቤት አገሮች መስዋዕትነት፣ ይህ ሁሉ ተባብሮ ነው የጣለው። ደግሞም ሥነ ጥበብን የትግል መሣሪያ ማድረግ የራሱ ጕዳት ነበረው። ይህን በድፍረት የተናገሩት የትግሉ ሰው የሆኑት የሕግ ዐዋቂው አልቢ ሳክስ ናቸው። ሳክስ በ1988 በማፑቶ በመኪናቸው ላይ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ ክንዳቸውን አጥተው ነበር። በ1989 ለነፃነት እንቅስቃሴው ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ባህል የትግል መሣሪያ ነው የሚለውን አባባል ለአንድ አምስት ዓመት ያህል መናገር እንዲቀር አሳሰቡ። ሁልጊዜ የተጨበጠ እጅና ጠመንጃ ብቻ የሚሥል ሠዓሊ፣ የሕዝቡን ፍቅርና ሳቅ፣ ጥርጣሬውንና ኀዘኑን መቼ ሊሥል ነው ማለታቸው ነበር። ክርክሩ ብዙ ሰው አስቈጣ፤ ብዙ ሰውም አስደሰተ። እኔ እንደማስበው ሁለቱም ወገን እውነት ነበራቸው፤ ቤቱ ሲቃጠል የሚጮህ ሰው ዜማውን አያሳምርም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን በጩኸት ብቻ መኖር አይቻልም።

በአፕሪል 1994 የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠ። ከ19 ሚሊዮን በላይ ሰው በያዘው የምርጫ ወረቀት ላይ የ19 ፓርቲዎች ስም፣ ምልክትና የመሪዎቻቸው ፎቶግራፍ ታትሞ ነበር፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው እንዲመርጥ የታሰበ ነው። አንደኛው ፓርቲ ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለ ገባ፣ ስሙ በተለየ ወረቀት ታትሞ በየምርጫው ወረቀት ግርጌ ተለጠፈ። ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ ሥዕልና ቃል ያለበትን ወረቀት በሌሊት ሲለጥፍ ኖሮ፣ በመጨረሻው መንግሥት ራሱ ሥዕልና ቃል ያለበትን ወረቀት በቀን አደለው። ማተም ወንጀል የነበረው የማንዴላ ፊትም በዚያ ወረቀት ላይ ነበረ።

የፖስተሩ አንደበት በዚያ ቀን አልተዘጋም። በ2012 ብሬት መሪ የተባሉ ሠዓሊ የትግሉን ዘመን ፖስተሮች መልክ ወስደው፣ ቃሉን ብቻ በመለወጥ አዲሶቹን ገዢዎች በስስት ሲነቅፉ፣ በትርኢቱ ላይ ስለ ነበረው ስለ አንድ ሥዕል ገዢው ፓርቲ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሥዕሉንም ተመልካቾች ቀለም ቀብተው አበላሹት። ሥዕሉን ነውር ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ አልፈርድም። ነገሩ የሚያሳየው ግን ትናንት በፖስተር ሥልጣን የያዘ ሰው ዛሬ በፖስተር ሲነቀፍ መታገሥ እንደሚከብደው ነው።

የታሚ ምንዬሌ ዐፅም በ2004 ከጋቦሮኔ ወጥቶ በአገራቸው በቴምቢሳ ተቀበረ። የሜዱ ሥራዎችም በ2008 በጆሃንስበርግ፣ በ2019 በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለትርኢት ቀረቡ። ለአንድ ሌሊት ተብሎ የታተመ ወረቀት ዛሬ በመስተዋት ውስጥ ይጠበቃል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እመለሳለሁ። መንግሥቱ ወረቀቱን የፈራው በሥዕሉ ውበት አይደለም፤ በቃሉ ብርታትም ብቻ አይደለም። አፓርታይድ የቆመው ሰውን ከሰው በመለየት ነበር። እያንዳንዱ ጭቁን በየቤቱ፣ በየሠፈሩ፣ በየቋንቋው ተለይቶ ብቻዬን ነኝ ብሎ እንዲያምን ይፈለግ ነበር። ጧት በግድግዳ ላይ የታየው ወረቀት ግን ይህን እምነት አፈረሰው፤ በሌሊት ሌሎች ሰዎች ነቅተው እንደ ነበር ይናገራልና። ፖሊሱ ወረቀቱን ሊቀድ ይችላል፤ ያየው ሰው ማየቱን ግን ሊቀድበት አይችልም። የታሚ ምንዬሌ ደም የፈሰሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።